እግሯን ካጠብኩ በኋላ

ትዕግሥት የሚባል ነገር እኔ ላይ አልፈጠረም። ሽሮ እስኪንተከተክ ቆሜ መጠበቅ ያቅተኛል። ቅዳሴ ላይ እንኳ ክብደቴን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሬ ላይ እያፈራረቅሁ ነው የማስቀድሰው። አክስቴ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለባት» ትለኝ ነበር። እንግዲህ እኔ ስለ ፍቅር ላወራ ነው ብል የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቃሉ። ይሳቁ! የማወራው የተማርኩትን ነው፤ የተማርኩትም እየተነጫነጭኩ ነው።

ነገሩ የሆነው የታኅሣሥ ግርግር ካለፈ በሦስተኛው ክረምት ነው። የካ ላይ ነበር የምንኖረው፣ ከኮተቤ መንገድ ወደ ላይ ወጣ ብሎ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ሥር። ቤታችን የጭቃ ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ። ዝናብ ሲመጣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ ለመሰማማት መጮህ ነበረብን። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር አሰብ ሄደ ከተባለ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል። ልጅ ገና አልወለድንም። አጥር ለአጥር ደግሞ አክስቴ ትኖራለች፣ የአባቴ እህት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። እቴቴ ነው የምላት፣ እንደ እናትም «አንቺ» እላታለሁ።

አባቴ የሞተው ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። እናቴ ደግሞ አምስት ዓመቴ ላይ አንድ ጠዋት ፀጉሬን ሹሩባ ሠርታኝ፣ ለእቴቴ «ሾላ ገበያ ደርሼ ልምጣ፣ ልጅቷን ያዥልኝ» ብላ ወጣች። በዚያው ቀረች። ቆይቶ ከአንድ ነጋዴ ጋር ወደ ጅማ ወረደች የሚል ወሬ ተሰማ። እቴቴ እንደምትነግረኝ ሹሩባውን ልፍታልሽ ብትለኝ ሁለት ሳምንት እምቢ ብያታለሁ፤ እናቴ የሠራችው ነው እያልኩ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ እሸሽ ነበር አሉ። እኔ ይህን አላስታውስም። ሳድግ ሰው ሲጠይቀኝ «እናቴ ሞታለች» ማለት ለመድኩ። ለባሌም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ማኅበራችን የሚካኤል ነው። አሥራ ሁለት ነን። በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን ባለተራው ቤት እንሰበሰባለን፣ የነፍስ አባታችን ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል። ይህማ የሁሉም ማኅበር ወግ ነው። የእኛ ግን አንድ ሥርዓት ነበረው፦ ለአሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሦስት መቀመጫ ይዘጋጃል። አሥራ ሦስተኛዋ በርጩማ በሩ አጠገብ ባዶዋን ትቀመጣለች። በዚያ ቀን ደጃፉን የረገጠ እንግዳ እሷ ላይ ይቀመጣል፣ ባለተራው ተንበርክኮ እግሩን ያጥበዋል፣ እግሩን ይስመዋል፣ የመጀመሪያውን ቁራሽም እሱ ይበላል። ሚካኤል በነዳይ ተመስሎ ይመጣል፤ ማን ያውቃል፣ ነው ነገሩ።

ደግ ሥርዓት ነው። ግን ሰው አይደለን? ቀስ በቀስ አበላሸነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሚቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። ቀኑን ስለሚያውቁ በየወሩ ይመጣሉ። አንድ ወር አጠብናቸው፣ ሁለተኛም ደገምን። በሦስተኛው ማኅበርተኛው አጉረመረመ። «እኚህንማ እናውቃቸዋለን» አለ አንዱ። «ሚካኤል ቢሆኑ ኖሮ ባለፈው ወር ጠላው ቀጠነብኝ ብለው ይነጫነጩ ነበር?» ከዚያ በኋላ የምናውቀው ነዳይ ከአጥር ውጭ ይበላል፤ በርጩማዋ ለማናውቀው ትጠበቃለች። አንዳንድ ባለተራማ ኮተቤ መንገድ ድረስ ሰው ልኮ መንገደኛ ያፈላልግ ነበር። ከሩቅ የመጣ፣ ልብሱ ያደፈ፣ ብዙ የማያወራ ከሆነ ተመረጠ። እኔም እስቅ ነበር፣ ተራዬ እስኪደርስ ድረስ።

ተራዬ የደረሰው የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው። ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ሠራሁ። ጠላው ደርሷል፣ ዳቦው ተጋግሯል። ከማለዳ ጀምሮ ያካፋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማኅበርተኛው ተሟላ፣ አባም መጽሐፋቸውን ከፈቱ፣ በርጩማዋ ግን ባዶ ናት። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። በመጀመሪያ ተራዬ እንግዳ ሳይመጣ ቢቀርስ? «ቤቷ ምን ቢኖርበት ነው?» አይሉኝም? ዝናቡን ረገምኩት። ባሌን ረገምኩት፣ እሱ አሰብ ሆኖ የዝናቡ ነገር ምን ያገባው እንደነበር እንጃ።

በመጨረሻ «ስለ ሚካኤል» የሚል ቀጭን ድምፅ ከደጅ ተሰማ። ተፈትልኬ ወጣሁ። ከኮረብታው የወረደች ሴት ናት። ጭቃው ጉልበቷ ድረስ ወጥቷል፣ ነጠላዋ ቀለሙ ጠፍቷል፣ ደረቅ ሳል ያስላታል። እጇን ይዤ አስገባሁና ዞሬ ማኅበርተኛውን በዓይኔ ጠየቅሁ፦ የሚያውቃት አለ? ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ማንም አያውቃትም! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«ይቀመጡ እናቴ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ እግርዎን ይስጡኝ» አልኳት። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥቼ ተንበረከኩ። እግሯ እንጨት ሆኗል፣ ተረከዟ ተሰነጣጥቆ ጭቃው ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። ጣቶቿን አንድ በአንድ ለያይቼ አጠብኩ። ለእኔ ማልቀስ ቀላል አይደለም፣ ያን ቀን ግን እንባዬ ወረደ። ለካ በሆዴ ውስጥ ይህን ያህል ፍቅር ኖሯል ብዬ ነው ያለቀስኩት። በራሴ ተደንቄ አለቀስኩ ማለት ነው። እግሯን አነሳሁና ሳምኩት። ከኋላዬ «እሰይ፣ እሰይ» ሲሉ እሰማለሁ።

እቴቴ ከጓዳ ወጣች። የእንግዳው ድርሻ ቀድሞ ይቆረጣልና እሱን በሰፌድ ይዛለች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«አንቺ!» አለች።

ሴትየዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አንቺ አይደለሽም? ምን ፊት አለሽና ነው እዚህ ቤት የምትገቢው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «እናትሽ ናት! የማንን እግር ይዘሽ ነው የምታለቅሺው? የእናትሽን እኮ ነው!»

እግሯ ገና በእጄ ላይ ነበር። ለቀቅሁት፤ ሳፋው ውስጥ ወደቀና ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ። ተነሳሁ። ያኔ የተናገርኩትን ዛሬም አልረሳሁትም። «ይህ መቀመጫ ለእንግዳ ነው» አልኩ። «ለእርስዎ አይደለም። ይውጡልኝ።» እርስዎ ያልኳት አክብሬያት አልነበረም።

አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፣ ምክንያትም አልሰጠችም። እግሯ ውሃ እያንጠባጠበ ተነሳች። እቴቴ አጠገብ ስትደርስ ቁራሹን ከሰፌዱ ላይ አንስታ በነጠላዋ ሸፈነችና ወጣች። ወይ ድፍረት! አንዲት ማኅበርተኛ በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔስ ሚካኤል መስላኝ ነበር!» አለች። ሌላው ገና ጊዜ አለ፣ መንገድ ወጥተን ሌላ እንግዳ እንፈልግ ብሎ ጋቢውን ማስተካከል ጀመረ። አባ መጽሐፋቸውን ዘጉ። «እንግዳው መጥቶ ሄዷል፤ ሌላ አይፈለግም» አሉ። ተበላ፣ ጽዋው ዞረ፣ ጠላው ጣፈጠ ያለ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እንኳን መቀመጥ መቆምም አቃተኝ። ቤት ልጥረግ ብዬ መጥረጊያ አነሳለሁ፤ መጥረጊያውን እንደያዝኩ ደጅ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። ጠላ ጠምቄ ጌሾ ሳልጨምርበት ቀረሁ። አፌን በጨው ተጉመጠመጥኩ፣ እግሯን የሳምኩበትን አፌን። ደግሞ የሰው ሁሉ እግር ማየት ጀመርኩ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች በደጃችን ሲያልፉ ፊታቸውን ትቼ እግራቸውን ነበር የማየው። ማንን እንደምፈልግ ቢጠይቁኝ ማንንም እል ነበር።

እቴቴ «ተገላገልሽ፣ እርሺው» ትለኛለች። ጎመን እየቀነጠሰች ደግሞ ድንገት ቀና ትልና «ከስታለች አይደል?» ትላለች። ጎረቤቱ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያለ ተቀባበለን። የት እንዳለችም የነገረኝ ጎረቤት ነው። እንጦጦ ጸበሉ ዘንድ፣ ከጸበልተኞቹ ጎጆ አንዱ ውስጥ ትተኛለች፤ ከግንቦት ጀምራ እዚያ ናት፣ ሳሉ ጠንቶባታል፣ ማንም የላትም አለኝ።

በሳምንቱ አባ ዘንድ ሄድኩ። የሄድኩት ጥፋተኛ አይደለሽም እንዲሉኝ ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጎመናቸውን ይኮተኩታሉ። መስቀል ተሳለምኩና ቆምኩ።

«ያቺ ሴት የት ገባች?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«እንጃ።»

«ታውቂያለሽ።»

ፊቴ ጋለ። «አባ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አልኩ። «አንዲት ቃል ነው የምፈልገው። ይቅርታ ትበለኝ። ይቅርታ ካለችኝ ዛሬውኑ ቤቴ አስገባታለሁ።»

«እግሯን ስታጥቢ ምን ብላሽ ነው ያጠብሻት?»

«ምንም አላለችኝም።»

«ስሟን ጠየቅሻት?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ሌባ ትሁን፣ ነፍሰ ገዳይ ትሁን መረመርሽ?»

«ኧረ አባ፣ እንግዳ አይመረመርም!»

«ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን አጠፋች?» አሉና መኮትኮቻቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ማንነቷ ታወቀ እንጂ ምን ጨመረች?»

ተናደድኩ። ለነፍስ አባት የማይባል ነገር አልኩ። «እርስዎን እናትዎ ጥለውዎት አልሄዱም!»

አልተቆጡኝም። «አልሄዱም» አሉ። «ስለዚህ እኔ እንዲህ ማለቱ ቀላል ነው። አንቺ ላይ ይከብዳል፤ አይከብድም ያለሽ የለም።» አጎንብሰው ጎመን ቆረጡና አንድ እቅፍ ሰጡኝ። ለአንድ ሰው በዛብኝ ብላቸው «ሁለት ትሆናላችሁ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጎመኑን አቅፌ ቤቴ እስክደርስ በሆዴ ተሟገትኳቸው። በማግስቱ ግን ዳገቱን ስወጣ ራሴን አገኘሁት።

ከእኛ ደጅ እስከ ጸበሉ ድረስ ለእኔ አንድ ሰዓት ነው፣ ለበሽተኛ ሁለትም ሦስትም ይፈጃል። መንገዱ ያዳልጣል፣ ባሕር ዛፉ ያንጠባጥባል። ሦስት ጊዜ ልመለስ ብዬ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ጎጆዋን ያሳየችኝ ከካራ የመጣች ገበሬ ሴት ናት። ኦሮምኛ በበዛበት አማርኛዋ «ምኗ ነሽ?» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቴን ከራሷ ስንቅ እያካፈለች ያኖረቻት እሷ ናት፤ አታውቃት፣ አትዛመዳት።

«ልጇ ነኝ» አልኩ።

«ልጅ የለኝም ብላኛለች» አለች ግራ ገብቷት።

ያ ቃል ወጋኝ፣ ምኔን እንደወጋኝ አላውቅም። እኔም እናቴ ሞታለች ስል ኖሬ የለ? ግን የራስ ውሸትና የሰው ውሸት አንድ አይደለም። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ቅጠል ላይ ተጋድማለች። አየችኝ፤ አልደነገጠችም።

«ይነሱ፣ እንሂድ» አልኳት።

«የት?»

«ቤቴ።»

ትንሽ አሰበች። «ቤትሽ ያፈሳል?» አለችኝ።

እግዜር ያሳያችሁ! ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውጬ፣ ቤትሽ ያፈሳል! «አያፈስም!» ብዬ ጮህኩባት። የካራዋ ሴት ጀርባዬ ላይ አሳዘለችኝ፤ እስከ ታች ድረስ አዝዬ ወረድኩ። ቀላል ነበረች። እየወረድኩ ሁሉ በልቤ አሁን ትላለች፣ አሁን ትላለች እል ነበር። ያለችኝ ነገር ቢኖር ቀስ በይ፣ ታንገጫግጪኛለሽ ነው።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባላል። የእኔዋ ገና ስትገባ ብረት ነበረች። ወጡ ጨው በዛው፣ መደቡ ይቆረቁራል፣ በሩ ነፋስ ያስገባል። የባሌንና የእኔን አልጋ ከያዘች በኋላ ደግሞ ጭሱ ወደ እኔ ይመጣል ማለት ጀመረች። ለጎረቤት የምታወራውማ ሌላ ጉድ ነው። «ይቺን ልጅ ያለ አባት ስንቱን አይቼ አሳደግኋት» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ውሃ የያዝኩበትን እንስራ ልከሰክሰው ነበር! በዚያን ቀን ለምን ወደ ቤቴ እንደመጣች ብጠይቃት አንድ ቀን «ዳቦው ሸተተኝና ገባሁ፣ የማን ቤት እንደሆነ በየት አውቄ» አለች፤ ሌላ ቀን «አውቄ ነው፣ ፊትሽን በቅርብ ልይ ብዬ ነው» አለች። የቱ እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እቴቴ አኮረፈች። «ከመውለድ ማሳደግ ይከብዳል፤ በሬ ግን ካራጁ ጋር ይውላል» ብላኝ ቤቴን መርገጥ ተወች። ይህ ነው ያንገበገበኝ። እናት ያልሆነችኝን እናት አስገብቼ እናት የሆነችኝን አስከፋሁ እያልኩ ቀኑን ሙሉ በሁለቱ ቤት መካከል እንቆራጠጣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት እቴቴ በአጥሩ ላይ አንድ ጣሳ አጥሚት አቀበለችኝ፤ ትኩስ ነው፣ ይተናል።

«ለባልሽ ነው» አለች።

«ባሌ እኮ አሰብ ነው እቴቴ።»

«ታዲያ ሲመጣ ይጠጣዋላ!» ብላ ፊቷን አዞረች። በማግስቱም ለባሌ አጥሚት መጣ። በየቀኑ መጣ። ባሌ ሲመጣ አልጋው ላይ የተኛችውን አይቶ ወደ ደጅ ጎተተኝ። «ማን ናት?» አለኝ። እናቴ ናት አልኩት። «ሞታለች ብለሽኝ አልነበር?» «ነበር» አልኩት። አንዴ እኔን አንዴ በሩን አየ፤ ከዚያ ገብቶ ራሱ መደቡ ላይ አነጠፈ። ስለዚህ ነው ሃምሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት።

ጠዋት ጠዋት ወደ ጸበል አወጣት ነበር፤ ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በጀርባዬ። ሐምሌ እንዲህ አለቀ። እየተሻላት ሄደ። ጸበሉ ይሁን፣ አጥሚቱ ይሁን፣ ደረቅ ቦታ መተኛቷ ይሁን እሱ ይወቀው። እኔ ግን አልተሻለኝም። ማታ ስተኛ «ዛሬም አላለችም» እላለሁ፤ ጠዋት ስነሳ «ዛሬ ትላለች» እላለሁ። እጄ ያበላታል፣ ጆሮዬ ይጠብቃል። ሌላ ሰው ቢያየኝ ምን ያለች ደግ ልጅ ይል ነበር። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ያችን ቃል እስክታወጣ የያዝኳት እስረኛ ነበረች።

ፍልሰታ ገባ። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል እሷ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ እኔ ስንዴ እለቅም ነበር። ሰፌዱን ወረወርኩት፤ ስንዴው ጭቃው ላይ ተበተነ።

«ለምንድን ነው ጥለውኝ የሄዱት?» አልኩ።

ፊቷን ከፀሐይዋ አላነሳችም። «ወጣት ነበርኩ» አለች። «ባሌ ሞቶብኛል። አገሩ ጠበበኝ። እዚህ የሚያስቀምጠኝ አልነበረም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ነበርሽ» አለች።

ጠበቅሁ። ሌላ ነገር አልተከተለም። እሷ ዘንድ ያለው ይኸው ነበር፤ ቢጨመቅ ከዚህ ሌላ አይወጣትም። ነጠላዬን ሳልይዝ ወጣሁ። ወደ ላምበረት አቅጣጫ ሄድኩ፣ መንገዱን ይዤ ዝም ብዬ ሄድኩ። ዝናቡ ተመለሰ። ብቻዬን እያወራሁ ነበር፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ነገ አስወጣታለሁ አልኩ። ነገ ለምን፣ ዛሬውኑ! ልብሷን ደጅ አወጣለሁ፣ የካራዋ ሴት ትውሰዳት፣ ጅማ ትሂድ፣ የትም ትሂድ። በዚህ ሁሉ መካከል ደወል ሰማሁ፤ ቅዳሴ ወጥቷል፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ሰው ሁሉ ጾሙን ሊፈታ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጸበል ከመጠጣት በቀር እህል አልቀመሰችም። ምግቡን ደግሞ እኔ ካላወረድኩላት መሶቡ ያለበት አትደርስም።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። እየሮጥኩም እየተሳደብኩ ነበር፣ ሁለቱንም እኩል። ሾርባውን አሙቄ ፊቷ አስቀመጥኩት፤ አስቀመጥኩት ከማለት ጣልኩት ማለት ይሻላል። «ብይ!» አልኳት። «እርስዎ» ማለቱ የጠፋኝ ያን ጊዜ ነው። በላች። ጨው አነሰው አለች። ጨው ጨመርኩላት።

ለአባ ሄጄ ነገርኳቸው። «በቁጣ ነው የማበላት፤ ፍቅር የለበትም» አልኩ። «በቁጣ ስትሰጫት ትበላለች?» አሉኝ። ትበላለች አልኳቸው። «እንግዲያውስ ቀጥዪ» አሉ። ከዚያን ቀን በኋላ ያችን ቃል መጠበቅ ተውኩ። ተውኩ ስል ወስኜ አይደለም። አንድ ጠዋት ዳገቱን ስንወጣ «ዛሬ ትላለች» ማለቱን መርሳቴ ትዝ አለኝ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ መርሳቴን ራሱን ረሳሁት። ጀርባዬ ላይ ሆና ስለ ጅማ ብርቱካን ታወራለች፣ እኔ ትንፋሼን እሰበስባለሁ።

ፍልሰታ በተፈታ በአምስተኛው ቀን ልብስ ላጥብ ወንዝ ወረድኩ። ባሌ ከመንገድ ሲመለስ ለእኔ ብሎ ያሠራውን አዲስ ጋቢ ከሁለት ቀን በፊት አምጥቶልኝ፣ ለዘመን መለወጫ እለብሰዋለሁ ብዬ ግድግዳው ላይ ሰቅዬው ነበር። ስመለስ ቤቱ ክፍት ነው። አልጋው ላይ የለችም። ጓዳ የለችም። ከኋላ አጥር ድረስ ዞርኩ፣ ተጣራሁ። ምን ብዬ እንደተጣራሁ አልናገርም። ተመልሼ ስገባ ግድግዳው ላይ ጋቢው የለም።

እቴቴ በሩን በርግዳ ገባች። ከሰኔ ወዲህ እግሯ ቤቴን ሲረግጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ታለከልካለች።

«ሄደች!» አለች። «በዓይኔ በብረቱ አየኋት፣ ወደ ኮተቤ መንገድ ስትወርድ። ጠራኋት፣ አልዞረችም። ምን ብዬሽ ነበር? አመል ያወጣል ከመሐል! አዲሱን ጋቢሽን! ሁለት ወር በጀርባሽ አዝለሽ፣ ያን ሁሉ ለፍተሽ…»

ቆምኩ። ቁጣዬን ጠበቅሁት፤ ጠባዬን አውቀዋለሁ፣ አይቀርም። ደግማ ጣለችኝ። ይቅርታ አላለች፣ ደህና ሁኚ አላለች። ያ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ነበር፣ ያቃጥለኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለብሳዋለች ወይስ ጠቅልላ ነው የያዘችው?»

«ምኑን?»

«ጋቢውን።»

እቴቴ አፍጥጣ አየችኝ። «ለብሳዋለች። እስከ ጆሮዋ ተከናንባዋለች።»

«እሰይ» አልኩ።

«አበድሽ?»

«ሳሉ ጨርሶ አልለቀቃትም እኮ እቴቴ። ኮተቤ ላይ ነፋሱ ክፉ ነው።»

እንዲህ ብዬ እንባዬ መጣ። እቴቴ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች፣ መልሳ ለበሰችው፤ ክፍቱን በር ብዙ አየች።

«በልታ ነው የሄደችው?» አለችኝ።

«በልታለች» አልኳት።